የጎመን ምንቸት ይውጣ ወይስ ይግባ?

አንዲት አንባቢ ምክር ፈልጋ የላከችልኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነበር። ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጠው፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉዳዬ ሊያስቅዎት ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ጉዳዩ ጎመን ነው።

ባለቤቴ የጉራጌ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ እምድብር አካባቢ ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ብወለድም እናቴ የጎጃም ሰው ናት፤ የቢቸና። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። በየዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት እንወርዳለን። ዘንድሮ ግን አማቴ እግራቸውን ስላመማቸው ለሕክምና መጥተው እኛ ጋ ናቸው። መስቀልንም እዚሁ ሊውሉ ነው። እናቴንም ጠራኋት። ሁለቱ እናቶች ከሠርጋችን ወዲህ በዓልን በአንድ ገበታ ሲውሉ የመጀመሪያቸው ነው።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ አማቴ ‹ለደመራው ማታ የጎመን ክትፎውን እኔ እከትፋለሁ፤ አንቺ ጎመኑን ብቻ ግዢልኝ› አሉ። እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። ‹በመስቀል? ጎመን? ለእንግዳ?› አለች። አማቴ ሳቁ። ‹ጎመን ሳይኖር ምን መስቀል አለ!› አሉ። እናቴ አልሳቀችም። ስሸኛት መንገድ ላይ ‹ልጄን ድሃ ቤት አልዳርኩም። ዘመዶቼ መጥተው በመስቀል ጎመን በሉ ከሚባል እኔው ዶሮዬን ሠርቼ እመጣለሁ› አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሐሳብ ሰጪ ሆኗል። የባለቤቴ እህት ‹ከአይብ ጋር ይለወስ› ትላለች። የእኔ ታናሽ ‹ጎመን በሥጋ አድርጊውና ሁለቱም ዝም ይላሉ› ትላለች። እኔ እንደለመድኩት በሽንኩርት ቁሌት ልሥራው ብል አማቴ ‹ይሄማ ወጥ ነው› አሉኝ። ባለቤቴን ስጠይቀው ‹እንደፈለግሽ፤ ጎመን በጤና!› ብሎ ይስቃል። አንዱን ለእናቴ አንዱን ለአማቴ ብዬ ሁለት ድስት ልጣድ? ወይስ ጎመኑን እርግፍ አድርጌ ልተወው?

የሁለት እናቶች ልጅ፣ ከአዲስ አበባ»

ልጄ፣ አልሳቅኩም ብልሽ ውሸት ነው። የሳቅኩት ግን በአንቺ አይደለም። እኔም በዚሁ ጎመን አንድ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ። እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ እናትሽን እንያቸው።

እናትሽ የናቁ መስሎሽ ከሆነ አልገባሽም። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» ሲባል ሰምተሻል? ከተማ ስላደግሽ እንደ ቀልድ ሰምተሽው ይሆናል። እኛ ልጆች ሆነን ግን ቀልድ አልነበረም። ችቦ ይለኮሳል። አያቴ ቤቱን በችቦ ያዞሩታል፤ ጓዳውን፣ ማጀቱን፣ የከብቱን ጋጣ። እኛ ከኋላ ከኋላ እየተከተልን እንጮሃለን። «ውጣ!» የምንለው ጎመኑን ብቻ አይደለም። ክረምቱን ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ባዶ ነው። ያምናው እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ከጓሮ፣ ፍግ ከተደፋበት አፈር ላይ፣ የሚፋፋ አንድ ነገር ቢኖር ጎመን ነው። ጠዋት ጎመን። ማታ ጎመን። ዘይት የለ፣ ቅቤ የለ፣ በጨው ብቻ ተቀቅሎ። እንጀራው ካለ በእንጀራ፣ ከሌለም እንዲያው በእጅ። ምንቸቱ ገና ሲከደን ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ያን ሽታ እስካሁን በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ። ከዚያ መስከረም ይጠባል። እሸቱ ይደርሳል፣ ላሟ ትታለባለች፣ ገንፎ በቅቤ ይገነፋል። ያን ጊዜ ጎመን በደጅ ይወጣል።

እናትሽ እንግዲህ በዚህ ያደጉ ሴት ናቸው። «በመስቀል ጎመን» ሲባሉ የሰሙት ስለ አንድ ሳህን አትክልት አይደለም። በችቦ ያባረሩትን ነገር ልጃቸው በዋናው በር መልሳ ስታስገባው ነው የታያቸው፤ ያውም ዘመድ እያየ። «ልጄን ድሃ ቤት አልዳርኩም» ያሉትም ስለ አማትሽ ኪስ አይመስለኝም። ስለ ራሳቸው ክረምት ነው።

«ታዲያ እናቴ ጎመን በሥጋ ትበላ የለም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ይበላሉ። ሥጋ ሲገባበት ጎመኑ ሹመት አገኘ ማለት ነው። ጎመን በሥጋ የበላ ሰው «ሥጋ በላሁ» እንጂ «ጎመን በላሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

በነገራችን ላይ፣ ምንቸቱ ወጣ ይባል እንጂ ጎመን ከእኛ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ምጣዱ የሚታሰሰው በምን ነበር? በጎመን ዘር! የመስቀሉም፣ የፋሲካውም፣ የሠርጉም እንጀራ የሚጋገረው በእሱ ላይ ነው። ይህን ለእናትሽ በጨዋታ መሃል ጣል አድርጊላቸው። በቁም ነገር አይደለም፤ በጨዋታ።

አሁን አማትሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ያልተረዳናቸው እሳቸውን ነው።

እንሰት እንደ ጤፍ አይደለም። ጤፍ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቶ እየተቆነጠረ ያልቃል። እንሰት ግን ዓመቱን ሙሉ ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። ሲፈለግ ይነቀላል፣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል፣ ቆጮ ይሆናል። በእንሰት አገር ችግር አልነበረም እያልኩሽ አይደለም። ግን ክረምትና ባዶ ጎተራ እንደኛ አገር አልተጣበቁም። ስለዚህ ጎመንም የረሃብ ስም አልወጣለትም። የቆጮ ጓደኛ ነው፤ የዘወትር ጓደኛ። ለመስቀል ደግሞ ይህ የዘወትር ጓደኛ አዲስ ልብስ ይለብሳል። ልብሱ ቅቤ ነው።

ቅቤው ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ባለቤትሽን ስለ ዊጆ ጠይቂው። የሴቶች የቅቤ እቁብ ነው። አንዲት ሴት ከአንድ ላም የምታገኘው ትንሽ ቅቤ ለብቻው የትም አይደርስም። ስለዚህ በየተራ ይሰጣጣሉ፤ ተራው የደረሳት ወፈር ያለ ቅቤ ይዛ ትገባለች። ወንዱ ለበሬው ሲያስብ ዓመቱን ይከርማል፤ ሴቷም ለቅቤው። አንቺም አራት ዓመት ወርደሽ ሳታዪው አትቀሪም፤ በዚያ በኩል መስቀል የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ዴንጌሳት የሚሉት ዕለት አለ፤ የጎመን ክትፎ የሚበላበት። በሬው የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ሥጋው ሳይመጣ የሴቶቹ ሥራ ይቀድማል። እና ያ ጎመን የሥጋው ማጀቢያ ብቻ አይደለም። መክፈቻው ነው።

ክትፎ የሚለውንም ቃል እይው። የተከተፈ ማለት ነው እንጂ ሥጋ ማለት አይደለም። ጎመኑ ስሙን ከሥጋው አልተበደረም፤ ሁለቱንም ቢላዋ ነው የሰየማቸው።

አሁን የሳቅኩበትን ልንገርሽ። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ አብነት አካባቢ ቤት ተከራይተን ነበር። የግድግዳ ጎረቤታችን የጉራጌ ሴት ነበሩ። በደመራው ማታ ጠሩኝ። ገባሁ። ኮባ ቅጠል ላይ ቆጮ ቀረበ፤ ከአጠገቡ ጣባ። ጣባው ውስጥ ያለውን ሳየው አረንጓዴ ነው። ጎመን! «ለእኔ ጎመን?» አልኩ በሆዴ። ፊቴ ሳይጠቁር አልቀረም። ይሉኝታ ይዞኝ በትልቁ ጎረስኩ፤ ቶሎ በልቼ ቶሎ ልውጣ ብዬ። ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። ቅቤው በእጄ አንጓ ላይ ወረደ፤ ሚጥሚጣው ዓይኔን በእንባ ሞላው። ሴትየዋ «አይዞሽ፣ ቆጮ ያዢበት» አሉኝ። ያዝኩበት። ሁለተኛ ጎረስኩ። ከዚያ በኋላ ስንት እንደጎረስኩ አልነግርሽም።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ «ጎመን አበሉኝ» አልኩት በኩርፊያ። እሱ ነጠላዬን ጠጋ ብሎ አሸተተና «ታዲያ ይሄ ሁሉ ቅቤ የማነው?» አለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የገባኝ፤ ያን ማታ ከድስቱ መጀመሪያ የወጣውን ጣባ ለእኔ ነበር የሰጡኝ። ከልጆቻቸው አስቀድመው። እኔ ግን ገና ስገባ ፊቴን አጥቁሬ ነበር። ይህን እስከዛሬ ሳስታውሰው ይቆረቁረኛል።

ወደ አንቺ ቤት እንመለስ።

አማትሽ ምን እንዳሉ ደብዳቤሽን ደግመሽ አንብቢው። «ጎመን ይሠራልኝ» አላሉም። «እኔ እከትፋለሁ» ነው ያሉት። እግራቸውን ታመዋል። በሰው ቤት ናቸው፤ የልጅም ቢሆን የሰው ቤት ነው። ከሰው ሁሉ ተለይተው መስቀልን ከተማ ሊውሉ ነው። ቆመው ወጥ ማማሰል አይችሉም፤ ቆጮ መጋገር አይችሉም። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ቢኖር መክተፍ ነው። ያንን ነው የጠየቁሽ። ይህን ከከለከልሻቸው በዓሉን ሙሉ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ሊያዩ ነው። ስለዚህ «እርግፍ አድርጌ ልተወው?» ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ጎመኑ ይገባል።

ሁለት ድስትም አይሆንም። አንድ ገበታ ላይ ሁለት ዓይነት ጎመን ባይ እኔ ራሴ «ማን ከማን ተጣላ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የእናትሽ ዘመዶችም ይጠይቃሉ፤ ያውም ጮክ ብለው።

ጎመን በሥጋውንም ተዪው። ታናሽሽ ብልህ ናት፤ ግን ይህ የሽማግሌ እርቅ ነው፤ ሁለቱንም ወገን እኩል የሚያስከፋ። አማትሽ ምግባቸውን ያጣሉ። እናትሽም ሥጋው ለምን እንደገባ ያውቃሉ፤ እሳቸውን ዝም ለማሰኘት ነው።

ሽንኩርቱ ላይ አማትሽ ልክ ናቸው። በቁሌት የሚሠራው ጎመን መልካም ነው፤ በጾም እኔም እወደዋለሁ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ሽንኩርት ውሃ ያወጣል፤ የጎመን ክትፎ ደግሞ ጠላቱ ውሃ ነው። የሐበሻ ጎመን ግዢ። ቆስጣ እንዳትገዢ፤ እሳት ሲያይ ይሟሟል፤ ጥቅል ጎመንማ አይታሰብም። ግንዱ ይወጣል፤ ቅጠሉ በደንብ ታጥቦ ይቀቀላል፤ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ይወጣል። ሲበርድ በእጅ እየተጨበጠ ይጨመቃል። ጨመቅኩት ስትይ አንድ ጊዜ ድገሚው። ከዚያ ነው ቢላዋው የሚመጣው። ቢላዋው ስለታም ይሁን፤ ደነዝ ቢላዋ ቅጠሉን ይፈጨዋል እንጂ አይከትፈውም። ማሽን ውስጥ ጨምሬ ልገላገል ብትዪ ደግሞ የሚወጣልሽ የሕፃን ምግብ ነው። የደቀቀው ጎመን በኮሰረትና በኮረሪማ በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፤ ሚጥሚጣና ጨው ይገባበታል። እሳት ላይ አይቆይም፤ ይሞቃል እንጂ። ልኩን ግን ከእኔ አትጠይቂ። ባለሙያዋ ቤትሽ ተቀምጠዋል።

አይቡ ላይ የባለቤትሽ እህት አልተሳሳተችም። ከአይብ ጋር የተለወሰ ጎመን አለ፤ ዝማሙጃት ይሉታል፤ ክትፎ ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ግን እሱ የራሱ ስም ያለው የራሱ ምግብ ነው። ለዚህ ማታ አይቡን ለብቻው አቅርቢው። ምክንያቴ ምግቡ ብቻ አይደለም። እናትሽ አይብ ይወዳሉ አይደል? ጎጃም ተወልዶ አይብ የሚጠላ አላየሁም። በጎመኑ ማፈር ካለባቸው በአይቡ በኩል ይገባሉ። ትንሽ አይብ፣ ከጎኑ ትንሽ ጎመን፣ ማንም ልብ ሳይል። የተለወሰ ከሆነ ግን ወይ ሙሉውን መቀበል ወይ ሙሉውን መተው ነው። በር አትዝጊባቸው።

ከጎረቤቶቼ አንዷ «የትኛው ነው ትክክለኛው?» ብላ የሚፈርድላት ስትፈልግ ኖራለች። ፈራጅ የለውም፤ ዩኔስኮ እንኳ በ2006 ዓ.ም. የመስቀልን በዓል በቅርስነት ሲመዘግብ ማን ሽንኩርት ይክተት ማን ይተው አላለም። በአንቺ ቤት የሚፈርደው የሚከትፈው ሰው ነው። ዘንድሮ አማትሽ ናቸው።

አሁን ዋናው ነገር፤ ቀኑ። እናትሽን የከበዳቸው ጎመን መብላቱ ብቻ አይደለም። ‹ዘመዶቼ መጥተው› ብለዋል። የሚፈሩት ዓይን ነው። ስለዚህ ጎመኑንና ዘመዶቹን ለያያቸው። ዘንድሮ መስቀል እሁድ ነው፤ ደመራው ቅዳሜ ማታ። አምና ደመራው ዓርብ ስለዋለ ቅቤ የማይታሰብ ነበር፤ የዘንድሮው ግን ተመችቶሻል። ቅዳሜ ማታ ቤተሰብ ብቻ ይሁን፤ አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ሁለቱ እናቶች፣ ከፈለግሽ እህትማማቾቹ። ከደመራው መልስ የጎመን ክትፎ በቆጮ። ዘመድ የሚመጣው እሁድ ነው። እሁድ ዶሮው አለ፤ ሥጋው ክትፎ አለ፤ ጎመኑ ከክትፎው ጎን በትንሽ ጣባ ይቀመጣል። ክትፎ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው የሚቀርበው። እናትሽ ክትፎ ቤት ገብተው ያውቁ ይሆናል። ከጎን ያለውን አረንጓዴ ማን እንደጨረሰው ጠይቂያቸው።

ዶሮውን ደግሞ እንዳትከለክያቸው። «እኔው ሠርቼ እመጣለሁ» ሲሉ እንደ ዛቻ ነው የሰማሽው። እኔ እንደዚያ አልሰማሁትም። አማትሽ «እኔ እከትፋለሁ» አሉ፤ እናትሽ «እኔ እሠራለሁ» አሉ። ሁለቱም በልጃቸው ቤት የእጃቸው ነገር እንዲኖር ነው የፈለጉት። «እማዬ፣ ዶሮው ያንቺ ነው፤ እኔ አልነካውም» በያቸው። እናትሽ ይህን ሲሰሙ ስለ ጎመኑ ያላቸው ቁጣ በግማሽ ይወርዳል።

ባለቤትሽን ግን አልወደድኩትም። ይቅርታ አድርጊልኝና «እንደፈለግሽ» መልስ አይደለም፤ ማምለጫ ነው። ያውም «ጎመን በጤና» ብሎ ነው የሚስቀው! ተረቱ ምን ይላል? ጎመንም ቢሆን ጤና ይኑር እንጂ ነው። ጎመን የመጨረሻው ነገር ነው ማለት ነው። ይህ የእናትሽ አገር አነጋገር ነው፤ ልጁ በራሱ እናት ምግብ ላይ እየተረተ መሆኑን አላወቀም። ሥራ ስጪው። አንደኛ፣ ጎመኑን እሱ ይግዛ። ሁለተኛ፣ እናትሽ ጋ ብቻውን ይሂድ። ስብከት አያስፈልግም። ልጅ ሆኖ በመስቀል ማታ እናቱ የከተፉትን ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ይንገራቸው። ቢላዋው እንጨት ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅ፣ ቅቤው ሲቀልጥ የሚሸተውን፣ ትንሹ ጣባ ለማን እንደሚደርስ። አማች ሲናገር ይደመጣል። አንቺ ያንኑ ብትናገሪ «ወደ እነሱ አጋደለች» ትባያለሽ።

አንቺም ለእናትሽ አንድ ነገር በያቸው፤ አጭር ይሁን። «እማዬ፣ ይሄ የክረምቱ ጎመን አይደለም። ቅመሽውና ካልጣመሽ አላስቸግርሽም።» በቃ። ስለ እንሰት፣ ስለ ዊጆ፣ እኔ የዘረዘርኩትን ሁሉ እንዳትዘረዝሪ። እሱን አማትሽ ራሳቸው ያውጉት። ቅቤውን ከአገር ቤት ይዘው መጥተው እንደሆነም ጠይቂያቸው። በእድሜ ያሉ ሴት ለሕክምናም ቢመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ሻንጣው ጥግ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ሳይኖር አይቀርም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጎመኑ ሲመጣ እናትሽም ቤት እንዲገኙ አድርጊ። ምክንያት ፍጠሪ። ለዶሮው ሽንኩርት ላጪልኝ ብለሽ ጥሪያቸው። ጎመኑን አማትሽ ፊት ትሪ ላይ አድርጊው። ከዚያ ወጣ በይ። አማትሽ ይክተፉት እንጂ፣ መቼም ቅጠል መርጦ የሚቀነጥስ ሰው ያስፈልጋል። ክረምቱን ሙሉ ጎመን የበላ ሰው ደግሞ የትኛው ቅጠል ለጋ፣ የትኛው የጠነዛ እንደሆነ ገና ሲነካው ያውቃል። እናትሽ አማትሽ ያረጀ ቅጠል ሲያነሱ ዓይተው ዝም ማለት የሚችሉ አይመስለኝም። «ይሄማ ጠንዝቷል» ይላሉ። እጃቸውም ይከተላል። መጀመሪያ ላይ ላይነጋገሩ ይችላሉ። ምን ይባባላሉ ብለሽ በር ላይ እንዳትቆሚ፤ ቡናውን ቁይ።

ማታ ሲቀርብ ጣባዎቹን ምድጃ ዳር አሙቂያቸው። ቀዝቃዛ ጣባ ውስጥ ቅቤው ይረጋና ጎመኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ የእኔ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። ለእናትሽ በሚቀርበው ጣባ ላይ ደግሞ ሚጥሚጣውን ቀነስ እንዲያደርጉላቸው ለአማትሽ በጆሯቸው ንገሪያቸው። እኔ ያን ማታ የነገረልኝ አልነበረም።